የአዋቂዎች የትክትክ ማጠናከሪያ ክትባት፦ ለማን፣ መቼ፣ የትኛው?

ተረኛ መኮንን (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አዋቂዎች የትክትክ ማጠናከሪያ ተመሳሳይ ጥያቄ እየደጋገመ ስለሚመጣ አንድ ቦታ እንሰብስበው ብዬ ነው። ለመነሻ ሦስት ሰው ልጣል።

አንደኛዋ የ58 ዓመት ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ካርዳቸው ላይ ከ6 ዓመት በፊት የተወጉት ቲዲ አለ፣ ማለትም መንጋጋ ቆልፍና ዲፍቴሪያ ብቻ፤ ትክትክ የለበትም። ዐሥር ዓመት እስኪሞላ ይጠብቁ? ሁለተኛዋ የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ ባለፈው እርግዝናዋ፣ ከ2 ዓመት በፊት፣ ወስዳለች። ሦስተኛው "በልጅነቴ ተከትቤያለሁ፣ ትክትክም ይዞኝ ያውቃል፣ አሁን ምን አመጣው?" የሚል ጎልማሳ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "በየዐሥር ዓመቱ አንዴ" የሚል ነው። ይህ መልስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስህተት ነው ባይ ነኝ። እስቲ የምታውቁትን ጨምሩበት።

---

የክትባት ክፍል

ከጎልማሳው ልጀምር። ትክትክ አንዴ ከያዘ ዕድሜ ልክ ይከላከላል የሚባለው ትክክል አይደለም። በሽታው ራሱ የሚተወው መከላከያ ከ4 እስከ 20 ዓመት፣ ክትባቱ የሚሰጠው ደግሞ ከ4 እስከ 12 ዓመት ገደማ እንደሚቆይ ነው የሚገመተው። ስለዚህ የ40 ዓመት ሰው በልጅነቱ ቢከተብም ቢታመምም ዛሬ ባዶ እጁን ነው።

አዋቂ ላይ በሽታው መልኩን ይቀይራል። ያ ሳሉ ሲያበቃ አየር ሲሳብ የሚሰማው የታወቀ ድምፅ ብዙ ጊዜ የለም። የሚታየው ሁለት ሦስት ወር የማይለቅ ሳል ነው፤ ሌሊት ይብሳል፣ ሲነሳ ያንዘፈዝፋል፣ ሲያበቃ ያስመልሳል። በሳሉ ብዛት የጎን አጥንት የሚሰበርባቸው፣ ራሳቸውን የሚስቱ፣ ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ። ሳሉ በማይነሳበት መካከል ደህና ሰው ይመስላሉ፤ ትኩሳት የለም፣ ሳንባቸው ሲደመጥ ንጹሕ ነው። ብሮንካይትስ ተብለው ይሸኛሉ፣ ቤት ሄደው ጨቅላውን ያቅፋሉ።

ጨቅላው ላይ ደግሞ ሳል ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ትንፋሽ ቀጥ ይላል፣ ከንፈር ይጠቁራል። ለአዋቂ የሚሰጠው መርፌ ዋና ዓላማ ያ ሕፃን ነው፤ የአዋቂው ሳል ተከትሎ ይመጣል።

የ58 ዓመቷ እናት አይጠብቁ። ከቲዲ በኋላ ትክትክ ያለበትን ለመስጠት የሚጠበቅ ዝቅተኛ ጊዜ የለም፤ አሜሪካኖቹ ያንን ገደብ እ.ኤ.አ. በ2011 አንስተውታል። የሚጠበቀው ሌላ ነው፦ ሕፃኑን ከማቀፋቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው መወጋት አለባቸው፣ ምክንያቱም አንቲቦዲው ለመውጣት ያንን ያህል ይወስዳል። አንድ ወር ከቀረ ጊዜ አላቸው፣ ግን "በሚቀጥለው ወር ልምጣ" የሚሉት ነገር አይሠራም።

---

አዋላጅ 27

ሁለተኛዋን ለእኔ ተዉልኝ። መልሱ አዎ ነው፣ በዚህኛውም እርግዝና ትወጋ። በየእርግዝናው የሚደገመው እናትየዋ መከላከያ ስለጎደላት አይደለም። ወደ ጽንሱ የሚያልፈው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚሻገረው በዚያ ሰዓት በእናት ደም ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ የትክትኩ አንቲቦዲ ደግሞ ከመርፌው በኋላ በሁለት ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርስና ከዚያ ቶሎ ይወርዳል። የዛሬ 2 ዓመት የተወጋችው ለመጀመሪያው ልጅ ነበር፤ ለዚህኛው የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጊዜው፦ አሜሪካ ከ27 እስከ 36ኛው ሳምንት ትላለች፣ ከዚያም ውስጥ ቀደም ያለው ይመረጣል። እንግሊዝ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ ትፈቅዳለች። ቀደም ማለት የሚጠቅመው ሕፃኑ ያለ ቀኑ ቢወለድ እንኳ የሚያልፍለት እንዲኖር ነው። 38ኛው ሳምንት ላይ የምትመጣ እናትም "አልፎሻል" ተብላ አትመለስ፤ ሕፃኑ የሚያገኘው ያንሳል፣ እሷ ግን ራሷ ምንጭ ከመሆን ትድናለች። ሳትወጋ ከወለደችና ከዚህ በፊትም ወስዳ የማታውቅ ከሆነ ከወሊድ በኋላ ወዲያው፣ ከመሸኘቷ በፊት ይሰጣት። ማጥባት አይከለክልም።

ውጤቱን ለሚጠይቅ፦ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ፕሮግራሙን ከጀመረች በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ግምገማ ከ3 ወር በታች ባሉ ሕፃናት 91 በመቶ ተከላክሏል። የአሜሪካው ግምት ከ2 ወር በታች ላሉት 78 በመቶ ነው። ሕፃኑ የራሱን የመጀመሪያ መርፌ የሚያገኘው በ6 ሳምንቱ፣ አንዳንድ አገር በ2 ወሩ ነው፤ እሱም አንድ ዶዝ ብቻውን ብዙ አያደርግም። ለሞት የሚያጋልጠው ክፍተት ይህ ነው።

በነገራችን ላይ እናቲቱ ከተወጋች በኋላ የሕፃኑን ክትባት ማዘግየት ትልቁ ጥፋት ነው። የእናት አንቲቦዲ የሕፃኑን ምላሽ በጥቂቱ ያደበዝዛል መባሉን የሰሙ "ትንሽ ይቆይ" ይላሉ። አይቆይም። በቀኑ ይሰጥ።

---

ጥርጣሬ አይከፋም

በነፍሰ ጡሯ አልከራከርም፣ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በቀሪው አዋቂ ላይ ግን እየተጋነነ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በነበረው ወረርሽኝ ማጠናከሪያውን የወሰዱ ወጣቶች ሲጠኑ፣ መከላከያው በመጀመሪያው ዓመት 73 በመቶ ነበር፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ሲሞላው 34 በመቶ ወረደ። ታዲያ "በየዐሥር ዓመቱ" ማለት ከዐሥሩ ሰባት ስምንቱን ዓመት ያለ መከላከያ መኖር አይደለም ወይ? ደግሞም ሴሉ ተፈጭቶ የተጣራው ክትባት መታመምን ይከላከላል እንጂ ባክቴሪያው ከአፍንጫ ጀርባ እንዳይቀመጥ አያደርግም፤ በዝንጀሮ ላይ የተሠራው ጥናት ይህንን አሳይቷል። የተከተበች አያት ሳታስል ልታስተላልፍ ትችላለች ማለት ነው።

---

የክትባት ክፍል

ለጥርጣሬ፦ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ መደምደሚያህ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የተጠኑት ወጣቶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተጣራውን ክትባት ብቻ የወሰዱ ናቸው። በሕፃንነቱ ሙሉ ሴል ያለውን፣ ማለትም ባክቴሪያው ሳይጣራ እንዳለ ተገድሎ የሚሠራውን፣ የወሰደ አዋቂ፣ አብዛኛው አገር አሁንም የሚሰጠው ያንን ነው፣ ማጠናከሪያ ሲያገኝ ምላሹ ሻል ይላል።

ዐሥር ዓመት የሚለው ቁጥር የመጣው ከመንጋጋ ቆልፍና ከዲፍቴሪያ ነው፤ ትክትኩ አብሮ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከአንተ ቁጥር የሚወጣው ተግባራዊ ውጤት "አትውጉ" አይደለም፣ "መርፌውን ዓመት ቆጥራችሁ ሳይሆን ሕፃን ሲመጣ ውጉ" የሚል ነው። መከላከያው ከፍ የሚልበት አንድ ዓመት ሕፃኑ የሚያስፈልገው አንድ ዓመት ላይ ይውላል። ስለ ማስተላለፉ፣ የማያስል ሰው የሚረጨው ከሚያስለው ያነሰ ነው፤ ሆኖም በቤተሰቡ ዙሪያ ያሉትን ሁሉ መውጋት የእናቲቱን መርፌ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቅድሚያ የሚሰጠው ለነፍሰ ጡሯ ነው። አንድ ዶዝ ብቻ ካለ ለእናት ይሁን።

---

ጥርጣሬ አይከፋም

እዚህ ላይ ተስማምተናል። ጀርመንም ለአዋቂ በአጠቃላይ ትክትክ ያለበትን አንዴ ብቻ፣ ቀጣዩ የመንጋጋ ቆልፍ ማጠናከሪያ ሲደርስ፣ ነው የምትመክረው፤ ለነፍሰ ጡር ግን በየእርግዝናው። ቤት ውስጥ ሕፃን ለሌለው ጤነኛ የ35 ዓመት ሰው ልዩ ቀጠሮ መያዝ ትርፉ አይታየኝም፤ ቁስል ሲያጋጥመው ወይም ቲዲው ሲደርስ አብሮ ይወሰድ።

---

መድኃኒት መስኮት

ምርቱን በስሙ እንጥራው፣ መደናገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለአዋቂ የሚሆነው ቲዳፕ (መንጋጋ ቆልፍ፣ ዲፍቴሪያና ትክትክ በአንድ መርፌ) ሲሆን በብዛት የሚታወቁት ቡስትሪክስና አዳሴል ናቸው። ሁለቱም 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ጡንቻ ውስጥ። ቡስትሪክስ ሦስት የትክትክ ፕሮቲን አለው፦ ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገው የባክቴሪያው መርዝ 8 ማይክሮግራም፣ ሄማግሉቲኒን 8፣ ፐርታክቲን 2.5። የአዳሴል የመርዝ መጠን ያነሰ ሆኖ ፊምብሪያ የሚባለው ይጨመርበታል። ከሁለቱ የተገኘው ይወሰድ፤ የቱ ይሻላል እያሉ ሳምንት ማሳለፍ ዋጋ የለውም።

የሕፃናቱ ኢንፋንሪክስ ከዚሁ ከቡስትሪክስ ፋብሪካ ሲሆን መርዙ 25 ማይክሮግራም ነው፣ ዲፍቴሪያው ደግሞ የአዋቂው ዐሥር እጥፍ። በስህተት ለአዋቂ ከተሰጠ ክንዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ግን እንደ ቲዳፕ ይቆጠራል፣ አይደገምም። ሙሉ ሴል ያለበት የሕፃናቱ አምስት በአንድ ክትባት (ፔንታቫለንት) ግን "ትክትክ አለበት አይደል?" ተብሎ ለአዋቂ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ከ7 ዓመት በላይ ትኩሳቱና እብጠቱ ከባድ ነው።

ሌላው የሚደጋገም ጥያቄ "መንጋጋ ቆልፉን አልፈልግም፣ ትክትኩን ብቻ ስጡኝ" ነው። በአብዛኛው ገበያ ለብቻው የሚሸጥ የለም።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሁሉም ሰው ሙቀቱን ይፈራል፣ ይህንን ክትባት የሚገድለው ግን ብርዱ ነው። አጋዡ የአሉሚኒየም ጨው በረዶ ሲነካው ቅንጣቱ ይጓጉላል፣ የያዘውን ፕሮቲን ይለቃል፤ ሲቀልጥ ብልቃጡ ደህና ይመስላል፣ ኃይሉ ግን ሄዷል፣ የተወጋበት ቦታም የበለጠ ያቆስላል። ብልቃጡ ላይ ያለው ቀለም የሚቀይረው ምልክት የሚቆጥረው ሙቀት ብቻ ነው፤ ስለ በረዶ አንዳች አይናገርም። ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳና ከበረዶ ቤቱ ሥር አታስቀምጡ፤ ከበረዶ ከረጢት ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ አይጓዝ።

ጥርጣሬ ካለ የመነቅነቅ ፈተና አለ። ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ባች የሆነ ሌላ ብልቃጥ ሆን ተብሎ ድንጋይ እስኪሆን በረዶ ይደረግና ይቀልጣል። ከዚያ የሚጠረጠረውና ይህኛው አንድ እጅ ላይ ተይዘው ይነቀነቃሉ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ይቀመጣሉ፣ እስከ 30 ደቂቃ ይታያሉ። የሚጠረጠረው እኩል ፍጥነት ወይም ቀድሞ ከዘቀጠ ይጣላል። በዓይናችሁ ጠጥሮ ያያችሁትን ግን መፈተን አያስፈልግም፣ በቀጥታ ይጣል።

---

ተረኛ መኮንን

ጥሩ ሄዷል። ስለ አወጋጉ የሚጨምር?

---

አዋላጅ 27

በደንብ ነቅንቁት፤ ነጭ ደፍራሳ ፈሳሽ መሆን አለበት። ግርጌው ላይ ነጭ ሽፋን ተጣብቆ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ የሚወጋ ሰው ግማሽ ዶዝ ነው የሚሰጠው።

ቦታው የትከሻ ጡንቻ ነው፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ። ብዙ ሰው ሸሚዙን ከላይ ጎትቶ ስለሚወጋ ከፍ ብሎ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል፤ ለወራት ክንድ የማያስነሳ ሕመም የሚመጣው ከዚያ ነው። እጅጌው ከታች ይጠቅለል፣ ካልሆነ ይወለቅ። መርፌው ለመካከለኛ ሰውነት 25 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ ለወፍራም ሰው 38። አጭር መርፌ ስብ ውስጥ ያስቀረዋል፣ አሉሚኒየሙ እዚያ ሲቀር ደግሞ ጠጣር እብጠት ይተዋል። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው 23 ጌጅ ወይም ከዚያ የቀጠነ ተጠቀሙ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሳታሹ ተጭናችሁ ያዙ። መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ከዚያ 15 ደቂቃ ተቀምጦ ይቆይ። አለርጂውም አለ፣ ግን ይበልጥ የሚያጋጥመው ራስን መሳት ነው፣ በተለይ ወጣቶች። የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ክትባት በዚያው ቀን ይሰጣል፤ ሌላ ክንድ ላይ፣ ወይም በአንድ ክንድ ከሆነ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ።

ክንዱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያማል፣ ይህ የተለመደ ነው። ፓራሲታሞል ካመመ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይሰጥ።

---

ጥርጣሬ አይከፋም

የማይሰጠው ለማን እንደሆነ በአጭሩ፦ ካለፈው ዶዝ ወይም ከይዘቱ አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) ያጋጠመው ሰው፤ ትክትክ ካለበት ክትባት በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ኮማ ወይም ረጅም መንቀጥቀጥ የደረሰበት ሰው፤ ለዚህኛው ቲዲ ይሰጣል። ከመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ ጊያን ባሬ (ነርቭን አጥቅቶ ሰውነትን የሚያዝል በሽታ) ከያዘው ጥቅሙና ጉዳቱ ይመዘን። አንድ የሚረሳ አለ፦ ካለፈው መርፌ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ክንዱ በኃይል ያበጠ፣ አርተስ የሚባለው፣ ዐሥር ዓመት መጠበቅ አለበት። "ጊዜ አይጠበቅም" የተባለው እዚህ ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ የ58 ዓመቷን እናት ካርዳቸውን ብቻ አይታችሁ አትውጉ፣ ባለፈው ምን እንደተሰማቸው ጠይቁ።

ጉንፋን፣ ቀላል ተቅማጥ፣ ጡት ማጥባት፣ የሰውነት መከላከያ መዳከም አይከለክሉም። ሕያው ተህዋስ የለበትም፤ መከላከያው የደከመ ሰው ምላሹ ያንሳል እንጂ አይጎዳም።

---

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ መሐል ልግባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያሳለ ያለ አዋቂ፣ ቤት ውስጥ የ5 ሳምንት ሕፃን አለ። አሁን ቢወጋ ይረዳዋል?

---

የክትባት ክፍል

የጀመረውን ሳል መርፌው አያቆመውም። የያዘው ትክትክ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ከሕፃኑ መለየት፣ ቀጥሎ መመርመር፣ ክትባቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሳል ከጀመረ እስከ 21 ቀን ያስተላልፋል። መድኃኒት ከጀመረ ግን ከ5 ቀን በኋላ አያስተላልፍም። ለአዋቂ አዚትሮማይሲን በመጀመሪያው ቀን 500 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ለ4 ቀን በቀን 250። የልብ ምት መዛባት ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪም ይናገር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጀመረ መድኃኒት ሳሉን አያሳጥርም፤ ጉዳቱን ያደረሰው መርዝ ሥራውን ጨርሷልና። ሰው "ኪኒኑ አልሠራም" ብሎ አንቲባዮቲክ እየቀያየረ የሚሰቃየው እዚህ ላይ ነው።

ሕፃኑ ግን አይጠብቅ። ባያስልም፣ ባያተኩስም፣ ዛሬ ሐኪም ይየው፤ በቤቱ ያሉትም ሁሉ ከተጋለጡ በ21 ቀን ውስጥ የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ እዚያው ይወሰናል። ትንፋሹ ቀጥ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መጥባት ካቆመ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

---

ናሙና ክፍል

ስለ ምርመራው። በሦስተኛው ሳምንት ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጊዜ አትፍጁ። ካልቸር (ባክቴሪያውን ማብቀል) በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው የሚይዘው፣ ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚፈልገው) እስከ ሦስት ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያሳየው ለመርዙ የወጣው አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ በደም ነው። ግን ባለፈው አንድ ዓመት ቲዳፕ የወሰደ ሰው የደሙ ውጤት አይነበብም፤ ክትባቱና በሽታው አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ነው የሚያወጡት። "አሁን ልወጋው፣ ነገ ይመርመር" ካላችሁ መልሱን አበላሻችሁት።

ናሙናው ከጉሮሮ ወይም ከአፍንጫ ቀዳዳ ጫፍ አይወሰድም፤ ባክቴሪያው የሚቀመጠው ከአፍንጫ ጀርባ ነው። ቀጭኑ ስዋብ ወለሉን ይዞ ወደ ጆሮ አቅጣጫ እስኪነካ ይገባል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ዞር ዞር ተደርጎ ይወጣል። ለፒሲአር ፖሊስተር ወይም ናይለን ይሁን፤ የጥጥና የካልሲየም አልጂኔት ስዋብ ፒሲአሩን ያፍነዋል።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር፦ አንዳንዶቹ የትክትክ ክትባቶች የባክቴሪያው ዲኤንኤ ቅሪት አለባቸው። ክትባት የሚቀዳበት ጠረጴዛ ላይ ናሙና ከተወሰደ፣ ወይም ክትባት የነካ ጓንት ስዋብ ከያዘ፣ ጤነኛው ሁሉ ፖዘቲቭ ይወጣል። በአንድ ሳምንት ድንገት ብዙ ውጤት ደካማ ፖዘቲቭ ሆኖ ከመጣ፣ ወረርሽኝ ከማለታችሁ በፊት ናሙናው የተወሰደበትን ክፍል እዩ።

---

አዲስ ገቢ

አመሰግናለሁ፣ ሕፃኑን ዛሬውኑ ያሳዩታል። ስዋቡም ከመርፌው በፊት እንደሚሆን ገብቶኛል።

---

መድኃኒት መስኮት

አንድ ቀርቷል፤ በሕይወቱ ተከትቦ የማያውቅ ወይም ካርድ የሌለው አዋቂ። አንዴ ተወግቶ አበቃ አይደለም። መጀመሪያ ቲዳፕ፣ ከ4 ሳምንት በኋላ ሁለተኛ፣ ከዚያ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ሦስተኛ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ቲዲ ወይም ቲዳፕ ቢሆኑ ግድ የለም። ቢዘገይ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ከአንድ አይጀመርም።

ለቁስል የመጣም ካርዱ ይታይ። ንጹሕና ትንሽ ቁስል ከሆነ ዐሥር ዓመት፣ ቆሻሻ የገባበት ወይም ጥልቅ ከሆነ አምስት ዓመት ካለፈ ይወጋል፤ ቲዳፕ ወስዶ የማያውቅ ከሆነ በዚያው አጋጣሚ ቲዳፑ ይሁን። ካርዱ ላይ "መንጋጋ ቆልፍ" ብሎ መጻፍ ግን ይቅር። የምርቱ ስም፣ የባች ቁጥር፣ ቀን፣ የትኛው ክንድ። ተረኛ ያቀረባቸው ሴት ካርዳቸው ላይ ቲዲ ተብሎ ባይጻፍ ኖሮ፣ ትክትክ እንደጎደላቸው ማንም አያውቅም ነበር።

---

ተረኛ መኮንን

ክሩን ከላይ አሰክቼዋለሁ። የአዳሴልና የቡስትሪክስ ሲሪንጅ ክዳን ላይ ላቴክስ ስለመኖሩ የሚጠይቅ ካለ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ እንደ አቀራረቡ ይለያያል።